ደጋኑን ያስተማረው ጭፈራ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ደጋን መሣሪያና ስለ ጭፈራ ነው። አንድ ሰው ማሲንቆ ወይም ቼሎ ይዞ ብቻውን ሲቀመጥ፣ ከጎኑ ከበሮ የሚመታ፣ ክራር የሚመታ ወይም በፒያኖ የሚያጅብ ሳይኖር፣ ዜማው ጎደሎ ሆኖ የማይሰማን ለምንድን ነው? ማሲንቆ ያለው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያወጣውም አንድ ድምፅ ነው። ቼሎ አራት ክር ቢኖረውም ደጋኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው አንዱን ነው። እንግዲህ ሁለቱም፣ ከፒያኖና ከኦርኬስትራ ጋር ሲነጻጸሩ፣ ድሃ መሣሪያዎች ናቸው። ይህን ድህነታቸውን የሚሸፍንላቸው ጭፈራ ነው እላለሁ። አድማጩ አካሉ ውስጥ ይዞት የመጣው የእግርና የትከሻ እንቅስቃሴ፣ መሣሪያው ያላወጣውን ድምፅ ይሞላል። ይህን ለማስረዳት ሁለት በጣም የተራራቁ ቦታዎችን እጎበኛለሁ፤ አንዱ የእኛው ካዛንቺስ፣ ሌላው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቅርባችን እንጀምር። በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ቀን የቢሮ፣ ማታ የዘፈን ሰፈር ሆኖ ኖሯል። በአንድ በኩል በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽና በዙሪያው ያሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ጠባብ፣ ዝቅ ባሉ መቀመጫዎች የተሞሉ አዝማሪ ቤቶች ነበሩ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ ሌሊቱን ዘግቶት ስለነበር የማታ ዘፈን እንደልቡ አልተስፋፋም። ከ1991 በኋላ ግን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ አዝማሪዎች በከተማው ውስጥ በየቤቱ መጫወት ጀመሩ። ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ አልበም ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሁለተኛውን ቅጽ ለእነዚህ የ1990ዎቹ የከተማ አዝማሪዎች መስጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከካዛንቺስ ቤቶች ስሙ ባሕር ማዶ የተሻገረው ፈንዲቃ ነው። መላኩ በላይ በዚያ ቤት ደመወዝ ሳይኖረው፣ እንግዳ በሚሸልመው ገንዘብ እየኖረ እስክስታ ሲጫወት ቆይቶ በ2008 ቤቱን ራሱ ተረከበው። ልብ በሉ፤ ይህን የሙዚቃ ቤት ስመ ጥር ያደረገው ዘፋኝም መሣሪያ ተጫዋችም ያልሆነ ሰው ነው። ስመ ጥር ያደረገው ጨፋሪ ነው። የፈረንሳይ መንግሥትም በ2015 በኪነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ ኒሻኑ ያከበረው ይህንኑ ጨፋሪ ነው።

አዝማሪው ማሲንቆውን ሲያነሳ ወዲያው ወደ ምት አይገባም። መጀመሪያ ቅኝቱን ያሰማል፤ ትዝታ ከሆነ ትዝታውን፣ አምባሰል ከሆነ አምባሰሉን ቀስ እያለ፣ ድምፁን እየጎተተ፣ እጅ ሊያጨበጭብበት በማይችል ነፃ አካሄድ ይዘረጋዋል። ይህ ክፍል ምት የለውም፤ ግን ምትን ይጠብቃል። ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ከዚያ ደጋኑ አጠር አጠር ማለት ይጀምራል፤ ጭብጨባው ይነሳል፤ ትከሻዎች ይነቃነቃሉ። በቤቱ ውስጥ ከበሮ ባይኖር እንኳ ይህ ለውጥ አይቀርም፤ ምክንያቱም የማሲንቆ ደጋን አጭርና የጎበጠ ስለሆነ ተጫዋቹ ቶሎ ቶሎ መጎተትና መግፋት አለበት፤ እያንዳንዱ መጎተት ደግሞ ራሱ ምት ነው። ግጥሙ አልቆ አዝማሪው ለመጨፈሪያ ቦታ ሲለቅ የሚሰማው የማሲንቆ ዜማ አጭር ነው፤ ያው ሐረግ ደግሞ ደጋግሞ ይመጣል። ሐረጉ ብቻውን በቴፕ ተቀርጾ ቢሰማ ሰው ሊሰለቸው ይችላል። አንድ ጨፋሪ ፊት ለፊቱ ሲቆም ግን ያው ሐረግ ሁለተኛ ጊዜ ያው አይሆንም፤ አንገቱ የያዘውን ምት ደረቱ ይለቀዋል፤ ትከሻው ያዘገየውን ትንፋሹ ያፈጥነዋል።

የዚህ ምት አወቃቀር ራሱ ትኩረት ይፈልጋል። ሙዚቀኞቻችን ችክችካ የሚሉት ምት ስድስት ፈጣን ምቶች አሉት። እነዚህን ስድስት ምቶች ሦስት ሦስት አድርጎ ሁለት ቦታ መክፈል ይቻላል፤ ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስት ቦታ መክፈልም ይቻላል። ጭብጨባው አንዱን ሲይዝ ዜማው ሌላውን ሊይዝ ይችላል፤ ጨፋሪው ደግሞ ከሁለቱ አንዱን መርጦ በመሐሉ ይሻገራል። አንድ ክር ያለው መሣሪያ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የሚናገር የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ነገር ከክሩ አልወጣም፤ በሰሚው ጉልበትና ትከሻ ውስጥ ያለ ቆጠራ ነው። ምቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በሠርግና በጥምቀት ያልጨፈረበት ሰው ይህን ሁለተኛ ቆጠራ ላይሰማው ይችላል፤ የሚሰማው የአንድ ክር ድምፅ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ፈረንሳይ እንሻገር። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ጨፋሪ ንጉሥ ነበር። በ1653፣ ገና 14 ዓመቱ ሳለ፣ በፓሪስ የሌሊት ባሌ በተባለው ትርኢት ፀሐይን ሆኖ ጨፈረ፤ የፀሐይ ንጉሥ የሚለው ስሙም ከዚህ ጋር አብሮ ኖረ። በ1661 13 የጭፈራ መምህራን ያሉበትን የንጉሣዊ ጭፈራ አካዳሚ አቋቋመ። በ1700 ደግሞ ራኡል ኦዤ ፈዬ እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ላይ በምልክት የሚጽፍበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ የእግሩ መንገድ በወለሉ ላይ እንደ ሐረግ ይሳላል፣ የሙዚቃው ምት ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ በምልክት ይታያል። በቤተ መንግሥቱ ጭፈራ ማወቅ የጨዋነት መለኪያ ነበር፤ መሳፍንቱ ልጆቻቸውን ከፈረስ ግልቢያና ከሰይፍ ትምህርት ጎን ለጎን የሚያስተምሩት ነገር ነበር። ሆኖም ጭፈራዎቹ ራሳቸው ከቤተ መንግሥት አልተወለዱም። ቡሬ ከኦቨርኝ ገበሬዎች ጋር፣ ሜኑዌት ከፗቱ፣ ጋቮት ከዶፊኔ ተራሮች ጋር ስማቸው ይነሳል። ሳራባንድ ደግሞ በ1583 በስፔን በብልግና ተከስሶ የታገደ ጭፈራ ነበር፤ ፈረንሳይ ሲደርስ ዝግ ብሎ፣ ተከብሮ፣ የሐዘን ያህል ከበደ። የገበሬ ጭፈራ በጌቶች ቤት ልብስ ቀየረ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ቼሎ እንዴት ደረሰ? መንገዱ ጠምዛዛ ነው። በፈረንሳይ ራሷ የተከበረው ወፍራም ድምፅ ያለው የደጋን መሣሪያ ቫዮል ነበር፤ ማረን ማሬ ከ1686 እስከ 1725 ባሳተማቸው አምስት መጻሕፍት ለቫዮል በጭፈራ የተሞሉ ስብስቦችን ጽፏል። ቼሎ ግን እንደ ጣሊያን መጤ ይታይ ነበር። ኢዩበር ለ ብላን የተባለ ሰው በ1740 ቫዮልን ከቫዮሊንና ከቼሎ ጥቃት ለመከላከል አንድ ሙሉ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል፤ ከርእሱ ጀምሮ ጠብ ያለበት፣ ዛሬም ሲነበብ የሚያስቅ መጽሐፍ ነው። እናም የፈረንሳይ ጭፈራ በቼሎ ላይ ሥር የሰደደው በጀርመን አገር ነው። ዮሃን ሰባስቲያን ባኽ ገና ወጣት ተማሪ ሳለ በሰሜን ጀርመን የሴለ መስፍን የነበረውን፣ አብዛኞቹ ፈረንሳውያን የሆኑበትን የሙዚቃ ቡድን በተደጋጋሚ እንደሰማ በ1754 የታተመው የሕይወት ታሪኩ ይመሰክራል። ከ1717 እስከ 1723 በኮተን ቤተ መንግሥት ሲያገለግል ሳለ እንደጻፋቸው የሚታመኑት ስድስቱ የቼሎ ስዊቶች ያለ ምንም አጃቢ ናቸው። እያንዳንዱ ስዊት በመግቢያ ይጀምርና አለማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድ፣ ከዚያ ሜኑዌት ወይም ቡሬ ወይም ጋቮት፣ በመጨረሻ ዢግ ይከተላል። በጥንድ የሚቀርቡትን እንደ አንድ ከቆጠርን፣ ከ36ቱ ክፍሎች 30ዎቹ የጭፈራ ስም ይዘዋል።

ስሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ብዙም አያጓጓም ነበር። ሳራባንድን እንውሰድ። በሦስት ዝግ ያሉ ምቶች ይሄዳል፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ምት ላይ ያርፋል። ጨፋሪው በመጀመሪያው ተነስቶ በሁለተኛው ይቆያል፤ አካሉ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ይመስላል። በመጀመሪያው ስዊት ሳራባንድ ባኽ ይህን ቆይታ በክሮቹ ላይ ይጽፈዋል፤ በሁለተኛው ምት ላይ ክሮችን አጣምሮ ያከብደዋል። በአምስተኛው ስዊት ሳራባንድ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ክር አንድ ላይ የሚሰማበት አንድም ቦታ የለም፤ ከአንድ ቀጭን ዜማ በቀር ምንም የለም፣ ልክ እንደ ማሲንቆ። ሆኖም የሚያውቀው ሰው እግር ዝግ ያለውን የሦስት ምት እርምጃ ያገኘዋል። የእኔ ሐሳብ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈተነው በዚህ ክፍል ነው፤ እኔ እንደማምነው ባኽ ይህን ያህል ድምፅ መቀነስ የቻለው ሰሚው ቀሪውን በአካሉ እንደሚያውቅ ስለተማመነ ነው። ኩራንትም አለ። የፈረንሳዩ ኩራንት ስድስት ምቶችን አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት እየከፈለ ያምታታል። አድማጮች፣ ይህ ከላይ ስለ ችክችካ ያልኩት ነገር ነው። ፍጥነቱ ሌላ፣ ልብሱ ሌላ፣ ቆጠራው ግን ዘመድ ነው።

ደጋኑም ከጭፈራ ተምሯል። ጌዎርግ ሙፋት የተባለ ሙዚቀኛ በፓሪስ የሉዊ 14ኛ የሙዚቃ አለቃ የነበረው የሉሊ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች የሚከተሉትን አካሄድ ተምሮ በ1698 ለጀርመኖች ጻፈ። ዋናው ደንብ፣ የእያንዳንዱ የምት ዙር የመጀመሪያ ምት ደጋኑን ወደ ታች በመጎተት ይጀመር የሚል ነው፤ ብዙ ተጫዋቾች ባንድነት ሲጎትቱ ጨፋሪው እግሩን የሚያሳርፍበትን ቅጽበት በዓይኑም በጆሮውም ያገኘዋል። ጣሊያኖች ይህን ደንብ ብዙም አይከተሉም ነበር፤ ለነሱ ደጋን እንደ ድምፅ ዘፋኝ ነፃ መሆን ነበረበት። የባኽን ስዊቶች ዛሬ የሚያጠና ሰው ከነዚህ ሁለት አስተሳሰቦች በየትኛው ይጫወት የሚለው ክርክር እስካሁን አላበቃም። ለጭፈራዎቹ ክፍሎች ግን ፈረንሳዮቹ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ የቡሬ የመጀመሪያ ምት ካልተሰማ ቡሬ አይደለም።

እዚህ ላይ ተቃውሞዎች ይነሳሉ፤ ሁለቱ ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ለቼሎ ብቻውን የተጻፉት ቀደምት ሥራዎች ጭፈራ አልነበሩም የሚል ነው። እውነት ነው። ጆቫኒ ባቲስታ ዴሊ አንቶኒ በ1687፣ የቦሎኛው ዶሜኒኮ ጋብሪዬሊ በ1689 የጻፏቸው ሪቸርካሬ የተባሉ ሙከራዎች ናቸው፤ ጭፈራ አይደሉም። እንዲያውም ከባኽ ስድስት ኩራንቶች በትክክል የፈረንሳይ አካሄድ ያለው የአምስተኛው ብቻ ነው፤ ቀሪዎቹ ፈጣኑን የጣሊያን ዓይነት ይከተላሉ። ስለዚህ ሁሉንም ለፓሪስ መስጠት ስህተት ይሆናል። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ፤ የጋብሪዬሊን ሪቸርካሬ ዛሬ የሚያውቀው በአብዛኛው ቼሎ ተጫዋቹና ተማሪው ነው፤ የባኽን ስዊቶች ደግሞ ቼሎ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። የባኽ የጣሊያን ዓይነት ኩራንቶችም ቢሆኑ ጭፈራ ናቸው። የሁለቱን ጸሐፊዎች ተሰጥኦ ልዩነት መካድ አይገባም፤ ባኽ ባኽ ነው። ሆኖም ብቸኛውን ድምፅ ለማያውቀው ሰው ጆሮ ያቀረበው ዋናው መንገድ ጭፈራው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የሚያስቸግር ነው። በባኽ ዘመን አለማንድ በተግባር የማይጨፈር፣ የቆየ ስም ሆኖ ነበር፤ ስዊቶቹንም ለማስጨፈር የጻፈ ሰው የለም። እንግዲህ የሌለ ጭፈራ እንዴት ሙዚቃን ይሸከማል? መልሴ ሁለት ክፍል አለው። ሜኑዌት በዚያ ዘመን በየግብዣው ይጨፈር ነበር፤ ቡሬና ጋቮትም የጭፈራ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚያሳዩዋቸው ሕያው እርምጃዎች ነበሩ። በተለይ የቆመው አለማንድ ነው፤ ባኽም በጣም ነፃ፣ በጣም ረጃጅም ሐረጎች ያሉት አድርጎ የጻፈው እሱን ነው። ጭፈራው በሕይወት በሚኖርበት መጠን ምቱ ጠባቂ ይሆናል፤ ጭፈራው ሲያረጅ ሙዚቃው ይላላል። ይህ ተቃውሞ ሐሳቤን ከማፍረስ ይልቅ መለኪያ ሰጠኝ። መግቢያዎቹም በዚሁ ይገባሉ፤ ነፃ ናቸው፣ ግን ሁልጊዜ ከጭፈራ በፊት ይመጣሉ። አዝማሪው ቅኝቱን ዘርግቶ ምቱን እንደሚያስጠብቅ ሁሉ፣ የባኽ መግቢያም ጭፈራውን ያስጠብቃል።

የአዝማሪው ማሲንቆ ግን ዘፈን ያጅባል እንጂ ብቻውን አይቆምም፤ ታዲያ ከቼሎ ስዊት ጋር ማወዳደሩ ምን ይሠራል? ብላችሁ ብትጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። ማሲንቆ ድምፅን ይከተላል፤ የሰም ለበስ ግጥሙ መንገድ ጠራጊ ነው፤ ታዳሚው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ሲያቀብል መሣሪያው ቦታውን ለቃል ይለቃል። ነገር ግን ቃሉ ዝም ሲል፣ ሰው ሲነሳ፣ ማሲንቆ ብቻውን ቤቱን ይይዛል። ብቸኝነቱ በሌሊቱ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን የእውነት ብቸኝነት ነው። አዝማሪውንም ከቤተ መንግሥት ጋር የማይተዋወቅ አድርጎ ማሰብ ትክክል አይደለም። የአዝማሪ ሙያ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም፣ ከዚያ በኋላም በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ግቢ ይኖር ነበር፤ በዘመቻም ይከተል ነበር። በግቢና በጠጅ ቤት መካከል ጭፈራ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስበት መንገድ በአገራችንም ክፍት ነበር።

አንድ ጠቃሚ ልዩነት ግን አለ፤ እሱን ማለስለስ አልፈልግም። ፈረንሳዮቹ ጭፈራቸውን በወረቀት ጻፉ፤ እኛ አልጻፍነውም። በአውሮፓ የቤተ መንግሥቱ ጭፈራ ጠፍቶ ስዊቶቹ ለረጅም ጊዜ እንደ መለማመጃ ብቻ ታዩ። የታተሙት በ1824 በፓሪስ ነው። ቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካዛልስ በልጅነቱ በባርሴሎና አንድ የሙዚቃ ሱቅ ውስጥ አግኝቷቸው፣ ከ1936 እስከ 1939 በሸክላ እስከ ቀረጻቸው ድረስ በኮንሰርት አዳራሽ በሙሉነታቸው ብዙም አይሰሙም ነበር። ከዚያም በኋላ የጠፋውን ጭፈራ መልሶ ለማወቅ ተጫዋቾች የፈዬን ዓይነት መጻሕፍት ማገላበጥ ነበረባቸው። የሞተ ጭፈራ ከወረቀት ሊነሳ ቻለ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ በከፊል ቢሆን። የእኛ ጭፈራ ቢሞት ከምን ይነሳል? ያለበት ቦታ ሰው ነው፤ ሰውየውም የሚኖረው ሌሎች ሰዎች በሚመጡበት ቤት ነው።

ቤቶቹ ደግሞ እየተቀየሩ ነው። በ2024 መገባደጃ የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ፈንዲቃ የነበረበት ቤትም ፈረሰ፤ ሥራው ከዚያው ከቂርቆስ ሳይወጣ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ወደ ሃያት ሬጀንሲ ሆቴል ተዛወረ። መንገድ ለማስፋት፣ ውኃና ፍሳሽ ለማስተካከል የተደረገውን ሁሉ መቃወም ቀላል ነው፤ ሰፈሩ ብዙ ጉድለት እንደነበረበትም የኖሩበት ያውቃሉ። ስለ ሙዚቃው ግን የምለው አለ። ጠባብ ክፍል ለማሲንቆ መሣሪያ ነበር። ጨፋሪው ከተጫዋቹ አንድ ክንድ ርቀት ሲቆም ደጋኑ የትከሻውን ምላሽ ያያል፤ ሰፊ መድረክ ላይ፣ ድምፅ ማጉያ ተገጥሞለት፣ ጨፋሪው ወዲያ ተጫዋቹ ወዲህ ሲሆን ይህ ምላሽ ይቀንሳል። አዲሱ ቦታ ይህን ለመጠበቅ ሲጥር ማየት ጥሩ ምልክት ነው፤ መላኩ በላይ አሁንም በእግሩ ላይ ነው።

የሙዚቃ መምህራን ይህን ዝግጅት የምትሰሙ ካላችሁ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። የማሲንቆም የቼሎም ትምህርት በአንድ ግቢ በሚሰጥባት እንደ አዲስ አበባ ባለች ከተማ፣ ማሲንቆ የሚያጠና ተማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት ከእስክስታ ተጫዋች ጋር አንድ ክፍል ይግባ፤ የባኽን ሦስተኛ ስዊት የሚያጠናም ተማሪ ቡሬውን ከመጫወቱ በፊት በእግሩ ይሞክረው። እናንተም አድማጮች፣ ዛሬ ማታ ይህንኑ ቡሬ በስልካችሁ ፈልጋችሁ ስሙት፤ መጀመሪያ ተቀምጣችሁ፣ ከዚያ ቆማችሁ።